ቴከን 3፦ ጀማሪን የሚጥሉ ስህተቶች

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ የድሮውን ፕሌይ ስቴሽን ከካርቶን አውጥቶ ቴከን 3 የሚባለውን የድብድብ ጨዋታ እንድንጫወት ጠየቀኝ። ከተዋጊዎቹ ኤዲ ጎርዶንን መረጠና አራቱንም ቁልፎች ባንዴ ይቀጠቅጥ ጀመር። አምስት ጨዋታ ተጫወትን፣ አምስቱንም ተሸነፈ። «ኤዲ እኮ ዝም ብሎ ሲነካካ ነው የሚያሸንፈው» አለኝ። ይህንን አባባል በልጅነቴ በሰፈራችን ፕሌይ ስቴሽን ቤት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የጃፓኑ ኩባንያ ናምኮ ጨዋታውን ለፕሌይ ስቴሽን ካወጣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ያህል ዓመት አልፎም ስህተቱ ያው ነው።

ቁልፉን ሳያውቁ መጫን

እያንዳንዱ ቁልፍ የአንድ እጅ ወይም የአንድ እግር ነው። ስኩዌር ግራ እጅ፣ ትሪያንግል ቀኝ እጅ፣ ኤክስ ግራ እግር፣ ሰርክል ቀኝ እግር። ይህን ካወቃችሁ የጨዋታው ግማሽ ተከፈተላችሁ። ኤዲ ካፖዌራ የሚባለውን የብራዚል የትግል ስልት ስለሚጫወትና ብዙ እርግጫዎቹ ስለሚቀጣጠሉ እግሮቹን መነካካት ለጊዜው ያዋጣል። መመከት ከሚችል ሰው ጋር ስትገጥሙ ግን ያበቃል።

ከተመከተባችሁ በኋላ እንደገና መምታት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሽንፈት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ቴከን ተራ ጠብቆ የመምታት ጨዋታ ነው። ከባድ ምት ሰንዝራችሁ ተቃዋሚያችሁ ከመከተው፣ ሰውነታችሁ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል። እሱ ከእናንተ ቀድሞ ይነቃል። አሁን ተራው የእሱ ነው። ጀማሪ ግን ይህን አይቀበልም። «አልነካውም እንዴ? እንደገና ልምታው» ይላል። ምቱ ገና ሳይነሳ በፊት ተቃዋሚው ይመታዋል። ከዚያ ይናደድና የበለጠ ይጫናል፣ የበለጠም ይመታል። እባካችሁ፣ ምታችሁ ከተመከተ የቀኝ አውራ ጣታችሁን አንሱ! ግራውን ወደኋላ ያዙና ጠብቁ። ወደኋላ መያዝ ማለት መመከት ማለት ነው። ሌላ ቁልፍ አያስፈልገውም።

እኔም ለዓመታት ይህንኑ እሠራ ነበር። በሰፈራችን ፕሌይ ስቴሽን ቤት ሕጉ «የተሸነፈ ይነሳል» ነበር። ሁዋራንግ የሚባለውን ተዋጊ ይዤ አሥሩን ተከታታይ ምት በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ማንም ቢቀመጥ እሱን አወርድበታለሁ። አንድ ቀን ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ዝምተኛ ልጅ ጂን ካዛማን ይዞ ተቀመጠ። ምቴን አወረድኩ፤ መከተ። ቀጠልኩ፤ መከተ። የታችኛው እርግጫ የሚመጣበትን ቦታ ጠብቆ ቁጢጥ አለ። መጨረሻው ምት ላይ ስደርስ በአንድ ቡጢ ወደ ላይ አነሳኝ። አየር ላይ ያለ ሰው መመከት አይችልም፤ እስክወርድ ድረስ ደጋግሞ መታኝ። ተነሳሁ። ያን ቀን ከሰዓት ወንበር ላይ ሆኜ እጁን ብቻ ሳይ ዋልኩ። የቀኝ እጁ አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀስም ነበር።

ስለዚህ ተከታታይ ምት ብትወዱም እስከ መጨረሻው አትሂዱ። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሁለት ጊዜ ያየ ሰው ሦስተኛውን ያውቀዋል። ሦስት ምት ሰንዝራችሁ አቁሙና መክቱ። ተቃዋሚያችሁ አራተኛውን ሲጠብቅ የራሱን ተራ ያባክናል።

ቆሞ ብቻ መመከት

የላይ ምት፣ የመሃል ምት፣ የታች ምት አለ። ቆሞ የመከተ የታች ምት ያገኘዋል። ቁጢጥ ያለ ደግሞ የላይ ምት በአናቱ ላይ ያልፋል፣ የመሃል ምት ግን ይመታዋል። ኤዲ የሚያስቸግረው በዚህ ነው፤ መሬት ለመሬት ይጠርጋል። ወደኋላና ታች አብራችሁ ያዙ። እሱ ዝቅ ባለበት ጊዜ በላይ ቡጢ አትሞክሩት፣ በላዩ ያልፋል። በመሃል ምት አስቁሙት።

መዝለል

አትዝለሉ። ከዚህ በፊት በወጣው ቴከን 2 ላይ ዝላዩ ረጅም ነበር፤ እዚህ አሳጥረውታል። በምትኩ ወደ ጎን መሸሽን ለሁሉም ተዋጊ ሰጥተዋል። የላይ ወይም የታች ቀስትን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ጎንዮሽ ይወጣል። የፖል ፊኒክስ ያቺ ጨዋታ የምትጨርሰው ቡጢ ቀጥ ብላ ነው የምትመጣው። ጎን ከሆናችሁ ባዶ አየር ትመታለች፤ ጀርባውም የእናንተ ነው።

ሲያዙ እጅ መስጠት

ኪንግ የሚባለው ተዋጊ ሲይዛቸው ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ የሚያስቀምጡ ልጆች አውቃለሁ። በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማምለጥ ይቻላል። ተራ አያያዞች በስኩዌርና ኤክስ ወይም በትሪያንግልና ሰርክል ነው የሚሠሩት። ግራ እጅ ከቀደመ ስኩዌርን፣ ቀኝ እጅ ከቀደመ ትሪያንግልን ልክ ሲይዛችሁ ጫኑ። ፈጣን ዓይን ይፈልጋል፤ ግን በልምምድ ይመጣል። ካልቻላችሁ ደግሞ ሊይዛችሁ መሆኑ ሲገባችሁ ቁጢጥ በሉ፤ ተራው አያያዝ የቆመን ሰው ነው የሚይዘው።

በየጨዋታው ሰው መቀያየር

ሲጀመር የሚመረጡ 10 ተዋጊዎች አሉ፤ ሌሎቹ ጨዋታውን በጨረሳችሁ ቁጥር ይከፈታሉ። አንዱን ያዙና አንድ ወር ቆዩ። ሞኩጂን የሚባለውን ተዋጊ ለጊዜው ተዉት፤ የሌሎቹን ስልት በየዙሩ እየቀያየረ ስለሚዋጋ ምንም አታጠኑበትም።

ወድቆ ቶሎ መነሳት

ስትወድቁ የመጀመሪያው ስሜት ተነስቶ መራገጥ ነው። ተቃዋሚያችሁ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። መሬት ስትነኩ ወዲያው ቁልፍ ከጫናችሁ ተንከባላችሁ ትነሳላችሁ። ካመለጣችሁ አንዳንዴ ዝም ብሎ መተኛት ይሻላል። አንዴ ተንከባለሉ፣ አንዴ ቆዩ፣ አንዴ ወደኋላ ሂዱ። ያው አንድ አነሳስ ከሆነ ይለምዳችኋል።

የእህቴ ልጅ እሑድ ማታ ላይ «እሺ ምን ልሥራ?» አለኝ። የነገርኩት ልምምድ ይህ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ምንም ምት አትሰንዝር። ጓደኛህ እንደፈለገ ይምታህ፤ አንተ መክት፣ ቁጢጥ በል፣ ወደ ጎን ሽሽ። ስንት ምት እንደመከትክ ጮክ ብለህ ቁጠር። በመጀመሪያው ዙር ሦስት ቆጠረ። ስንጨርስ አሥራ አንድ ደርሶ ነበር።