ቡድኔ ስህተት መደበቅ ያቆመው እንዴት ነው

አንድ አርብ ማታ የክፍያ ሲስተማችን ቆመ። ምክንያቱን ያገኘነው ከ5 ሰዓት ፍለጋ በኋላ ነው፤ አንዱ ልጅ ዳታቤዙ ላይ ያስኬደው ማይግሬሽን (የዳታቤዙን አወቃቀር የሚቀይር ትእዛዝ) አንድ ኮለም (የሰንጠረዥ ዓምድ) አጥፍቷል። ልጁ ግን ገና በ10ኛው ደቂቃ አውቆት ነበር። ዝም ያለው ፈርቶ ነው። የፈራው ደግሞ እኔን።

መጀመሪያ ያደረግኩት የማይረባ ነገር ነው፤ ስብሰባ ጠርቼ "በነፃነት ተናገሩ" አልኩ። ሁሉም "እሺ" አሉ። እሺ እኛ ዘንድ ስንት ትርጉም እንዳለው ታውቃላችሁ።

የሠራልኝ ሌላ ነው። ከችግር በኋላ የምንሞላው ቅጽ "ማን አደረገው?" ብሎ ይጀምር ነበር። ያን መስመር አጥፍቼ "ሲስተሙ ይህን ለምን ፈቀደ?" የሚል ተካሁበት። (ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ ኤትሲ የተባለው የኦንላይን ገበያ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛ ስለማይፈልግ ግምገማ ጽፎ ነበር።) የመጀመሪያውን ቅጽ ራሴ ሞላሁት፦ የሙከራው ሰርቨር መስሎኝ ደንበኛ ያለበትን ሪስታርት ያደረግኩበትን ቀን። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ደስ አለኝ።

ለአዲሱ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ደግሞ እውነተኛው ቀዳዳ ተገኘ። ማይግሬሽን ሁለተኛ ሰው ሳያየው ያልፍ ነበር። አሁን አያልፍም። ኮለም የሚጠፋውም ኮዱ እሱን መጠቀም ካቆመ በኋላ፣ በሌላ ሪሊዝ (ቀጥሎ በሚወጣ ስሪት) ነው።

ኮድ ሪቪው (አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አይቶ አስተያየት ሲሰጥ) ላይ "ይሄ ምንድነው?" የሚለውን አጻጻፌን ለመተው ግን ወራት ፈጀብኝ። አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጠኛል።

ባለፈው ሳምንት ያው ልጅ ግሩፑ ላይ "አንድ ነገር አበላሽቻለሁ፣ እየመለስኩት ነው፣ አንድ ሰው አብሮኝ ይየው" ብሎ ጻፈ። ከተበላሸ 4 ደቂቃው ነበር።