የአሮጌ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ታሪክ ከመሣሪያዎቹ ተነሥቶ መጻፍ

የፋብሪካ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከምረቃው ሥነ ሥርዓት ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከመሣሪያዎቹ መጀመር ይሻላል። መዝገብ ቢሮ በተቀየረ ቁጥር ይጠፋል፤ በብሎን ከወለሉ ጋር የታሰረ የሽመና መኪና ግን በቀላሉ አይነቃነቅም። በ1961 እ.ኤ.አ. በጣሊያን የጦርነት ካሣ የተቋቋመውን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ምሳሌ እናድርግ።

በቅድሚያ ከአስተዳደሩ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ። ከዚያም ጥጡ በሚሄድበት መንገድ ይሂዱ፤ ከእሽግ ጥጥ ማፍታቻው ወደ መባዘቻው፣ ከዚያ ወደ ፈተሉ፣ ድሩ ወደሚደራበትና በስታርች ወደሚጠነክርበት ክፍል፣ በመጨረሻም ወደ ሽመናውና ወደ ማቅለሚያው። ይህን ቅደም ተከተል በንድፍ ካሰፈሩ፣ ከቦታው ውጭ የተተከለ መሣሪያ ሲያጋጥምዎ ማስፋፊያ ወይም ጥገና ተደርጎ እንደ ነበር ይጠረጥራሉ።

በየመሣሪያው ላይ የአምራቹን ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩንና የተሠራበትን ዓመት የያዘ የብረት ሰሌዳ ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ በዘይትና በጥጥ ብናኝ ስለሚሸፈን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት። ፊደሉ ካልታየ ስስ ወረቀት ለጥፈው እርሳስ አጋድመው ቢያሹበት ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ሰሌዳው የሚናገረው የተሠራበትን ዓመት እንጂ የተተከለበትን አይደለም፤ ቁጥሩም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ያየሁትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር መስሎኝ መዝግቤ፣ መኪናውን ከእውነተኛ ዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት አሳንሼዋለሁ። ወሩ ካልታወቀም ዓመቱን በአንድ ቁጥር አይመልሱ፤ 1961 እ.ኤ.አ. እስከ ጳጉሜን 1953 ዓ.ም. ሲሆን ከመስከረም ወዲህ 1954 ነው።

ቀጥሎ በዙሪያው ያለውን ይመልከቱ፤ ፋብሪካ ያለ ኃይልና ያለ ባለሙያ አይቆምምና። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ መጀመሩ፣ በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ማስተማሩ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። ካሣው ራሱ መነሻው የ1947 እ.ኤ.አ. የፓሪስ የሰላም ውል ሲሆን፣ በዚያ ለኢትዮጵያ የተመደበው 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የዘመኑን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቅጾች አዲስ አበባ በሚገኘው ወመዘክር (በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ያገኟቸዋል።

በመጨረሻ የቀድሞ ሠራተኞችን ይጠይቁ። «ጋሼ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ከማለት «ንጉሡ ሳይወርዱ ነው ወይስ በደርግ ጊዜ?» ማለት ይበልጥ ያስታውሳል። ዕድሜያቸውን በመወርወሪያ ጩኸት ውስጥ ያሳለፉ ሸማኔዎች ጆሯቸው ሊከብድ ስለሚችል ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀስ ብለው ይናገሩ፤ የሰሌዳውን ፎቶግራፍም ይዘው ይሂዱ፤ መኪናውን ሲያዩ ፈረቃቸውንና አብረዋቸው የሠሩትን ሰዎች ሳይጠየቁ መዘርዘር ይጀምራሉ።