የተሰራጩ የመረጃ ሥርዓቶችንና በኮምፒውተር የታገዘ የትብብር ሥራን በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንዴት ማጥናት ይቻላል?

ሁለት ሰዎች በተለያየ ቦታ ሆነው አንድን ሰነድ በጋራ እያረሙ ነው እንበል። በሰነዱ ውስጥ «ትምርትን» የሚል በስሕተት የተጻፈ ቃል አለ። የመጀመሪያው ሰው የጎደለችውን «ህ» በሦስተኛው ቦታ ላይ ያስገባል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዚያው ቅጽበት አምስተኛዋን ፊደል፣ ማለትም ትርፍ ሆና ያገኛትን «ን» ይሰርዛል። ትእዛዞቹ በኔትወርክ አልፈው እርስ በርስ ሲደራረሱ በሁለተኛው ሰው ኮምፒውተር ላይ «ትምህርት» የሚለው ትክክለኛ ቃል ይታያል። የመጀመሪያው ሰው ኮምፒውተር ግን «አምስተኛዋን ፊደል ሰርዝ» የሚለውን ትእዛዝ እንዳለ ስለሚፈጽም፣ «ህ» ከገባች በኋላ አምስተኛ የሆነችውን «ት» አጥፍቶ «ትምህርን» የሚል ትርጉም የሌለው ቃል ይተዋል። ከሰዎቹ አንዱም አልተሳሳተም፣ በመንገድ ላይ የጠፋ መልእክትም የለም፤ ሆኖም ከዚህ በኋላ ሁለቱ የሚያዩት ሰነድ አንድ አይደለም።

በዚህ መስክ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚዘጋጅ ሰው ይህን ምሳሌ በወረቀት ላይ ደጋግሞ ቢሠራው እመክራለሁ፤ የመስኩ ሁለት ገጽታዎች በአንድነት የሚገኙበት ነውና። አንደኛው ጥያቄ የማሽኖቹ ነው፦ ተራርቀው የሚገኙ ቅጂዎች መልእክት በተለያየ ቅደም ተከተል እየደረሳቸው እንዴት ወደ አንድ ውጤት ይመጣሉ? ሁለተኛው የሰዎቹ ነው፦ አንዱ ሌላው አሁን የሚሠራውን በምን ያውቃል፣ ሥራቸው ሲጋጭ ማን ያስተካክላል? ብዙ ተማሪዎች አንዱን ብቻ ይዘው ሌላውን «የሌላ ክፍል ሥራ ነው» ብለው ይተዉታል። በእኔ እምነት በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው።

ለምሳሌው ሁለት የታወቁ መፍትሔዎች አሉ። ክላረንስ ኤሊስና ሳይመን ጊብስ በ1989 ያቀረቡት ዘዴ ትእዛዙ ከመፈጸሙ በፊት እንዲለወጥ ያደርጋል፦ ከአምስተኛው ቦታ በፊት አንድ ፊደል ስለገባ «አምስተኛዋን ሰርዝ» የሚለው «ስድስተኛዋን ሰርዝ» ይሆናል። በ2011 ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ መደበኛ ቅርጽ የሰጡት ሌላ መንገድ ደግሞ ለቦታ ቁጥር አይጨነቅም፤ በዚህ መንገድ በተሠሩ የጽሑፍ ማረሚያዎች እያንዳንዷ ፊደል የማይደገም መለያ ስለሚኖራት ትእዛዙ «ይህን መለያ የያዘችውን ፊደል ሰርዝ» የሚል ይሆናል። ሁለቱንም በሁለት ሰው ከሞከሩ በኋላ ሦስተኛ ሰው ጨምረው ይሞክሩ። የመጀመሪያው ዘዴ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው፤ ታትመው ከወጡት የዚህ ዘዴ ስልተ ቀመሮች መካከል ስሕተታቸው ከዓመታት በኋላ የተገኘባቸው አሉ።

መሠረቱን መጣል

ወደ ድኅረ ምረቃ ከመግባትዎ በፊት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክና ዳታቤዝ በሚገባ ሊያውቁ ይገባል። ብዙ ሥራዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ በሚያስችል አንድ የፕሮግራም ቋንቋም እጅዎ የተፍታታ መሆን አለበት። ሒሳቡ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፤ አመክንዮና ፕሮባብሊቲ ካሉዎት ቀሪውን በመንገድ ላይ ይማሩታል።

ንባቡን ግን በቅደም ተከተል ቢያደርጉት ይበጃል። ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ይጀምሩ። ጽሑፉ የሚያስተምረው በተለያዩ ማሽኖች ላይ ከተፈጸሙ ሁለት ድርጊቶች የቱ እንደቀደመ ሁልጊዜ መናገር እንደማይቻልና ሊታመን የሚችለው ቅደም ተከተል አንዱ ድርጊት በሌላው ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር ከሚችልበት መንገድ የሚነሣው መሆኑን ነው። ቀጥሎ ፊሸር፣ ሊንችና ፓተርሰን በ1985 ያሳተሙትን ማረጋገጫ ያንብቡ። ይህ ጽሑፍ በተማሪዎች ዘንድ «በማሽኖች መካከል ስምምነት አይቻልም» ተብሎ በተደጋጋሚ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። ጽሑፉ የሚለው ሌላ ነው፦ መልእክት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ገደብ በሌለውና አንድ ማሽን እንኳ ሊቆም በሚችልበት ሥርዓት ውስጥ፣ በዘፈቀደ በሚወጣ ዕጣ የማይጠቀም ማንኛውም ፕሮቶኮል (ማሽኖቹ መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ) ሁልጊዜ ወደ ውሳኔ እንደሚደርስ ዋስትና መስጠት አይችልም። በተግባር የምንጠቀምባቸው የስምምነት ስልተ ቀመሮች የተሳሳተ ውሳኔ ፈጽሞ እንዳይወሰን ይጠብቃሉ፤ ወደ ውሳኔ መድረሱን ግን ኔትወርኩ በተረጋጋ ጊዜ ላይ ይተዉታል። ይህ ልዩነት ልብ ውስጥ ካልገባ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ሁሉ ይደበላለቃል።

ኤሪክ ብሪወር በ2000 በግምት መልክ ያቀረበውና ጊልበርትና ሊንች በ2002 ያረጋገጡት ሐሳብም እንዲሁ ይዛባል። ሐሳቡ አንድ የተሰራጨ ሥርዓት ሁልጊዜ የታደሰ መረጃ መስጠትን፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ መስጠትንና የኔትወርክ መቆራረጥን መቋቋምን በአንድነት ሊያሟላ አይችልም የሚል ነው። «ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ» የሚለው አባባል ለማስታወስ ቢመችም አሳሳች ነው፤ የኔትወርክ መቆራረጥ የሚመረጥ ነገር አይደለም፣ ይመጣል። ምርጫው ያለው በተቆራረጠ ጊዜ ነው፦ ሥርዓቱ ጊዜው ያለፈበትን መረጃ ሊሰጥ ይችላል፣ ወይስ ጥያቄውን አይመልስም?

በእጅ መሥራት

ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት በ2014 ያቀረቡትን ራፍት የተባለ የስምምነት ስልተ ቀመር ከባዶ ተነሥተው ይጻፉ። ደራሲዎቹ በግልጽ ለመረዳት እንዲቀል አስበው ስለሠሩት ለጀማሪ ከሌሎቹ ይሻላል። አምስት ሰርቨሮችን የሚወክሉ አምስት ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ይበቃል፤ ብዙኃኑ ሦስት ስለሆኑ ሥርዓቱ የሁለቱን መውደቅ ይችላል።

ኮዱ መሥራት ሲጀምር ሆን ብለው ያሰናክሉት። በራፍት ሰርቨሮቹ ከመካከላቸው አንድ መሪ በድምፅ ይመርጣሉ፤ እያንዳንዱ ምርጫም ተራ ቁጥር ያለው አዲስ የምርጫ ዘመን ይከፍታል። በአራተኛው የምርጫ ዘመን መሪ የነበረውን ሰርቨር ከሌሎቹ ይለዩትና ሎጉን፣ ማለትም ትእዛዞቹ በቅደም ተከተል የሚጻፉበትን መዝገብ፣ በትዕግሥት ያንብቡ። የተለየው ሰርቨር መለየቱን ስለማያውቅ ራሱን አሁንም መሪ አድርጎ ይቆጥራል፤ ከተጠቃሚ የሚመጡ ጥያቄዎችን ተቀብሎ በራሱ ሎግ ላይ ይጽፋል፣ ነገር ግን የሦስት ሰርቨሮችን ድምፅ ስለማያገኝ አንዱንም ሊያጸድቅ አይችልም። በዚህ መካከል የቀሩት አራቱ ከመሪያቸው የሚጠብቁት ምልክት ሲቋረጥባቸው በአምስተኛው የምርጫ ዘመን አዲስ መሪ ይመርጣሉና ሥራ ይቀጥላሉ። ግንኙነቱ ሲመለስ የቀድሞው መሪ ከእርሱ የሚበልጥ የዘመን ቁጥር ስለሚያይ ከመሪነቱ ይወርዳል፤ ሳይጸድቁ የቀሩት መስመሮቹም በአዲሱ መሪ ሎግ ይተካሉ።

ፕሮግራሙ እዚህ ላይ በትክክል ሠርቷል፤ ብዙ ተማሪም ደስ ብሎት ይዘጋዋል። እርስዎ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ ከእነዚያ የተተኩ መስመሮች አንዱን የጻፈው ሰው በዚያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ምን ያይ ነበር? «ተቀምጧል» የሚል መልእክት ታይቶት ከሆነ ተዋሽቷል። «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ከሆነ ደግሞ እስከ መቼ ሊጠብቅ ይገባው ነበር፣ ባልደረቦቹስ የእርሱ ሥራ እንዳልደረሳቸው በምን ያውቁ ነበር? ይህን ጥያቄ ስልተ ቀመሩ አይመልሰውም፤ መልሱ ያለው በሁለተኛው የመስኩ ክፍል ነው።

ሰዎች አብረው እንዴት እንደሚሠሩ ማጥናት

«በኮምፒውተር የታገዘ የትብብር ሥራ» የሚለው መጠሪያ የመጣው አይሪን ግሪፍና ፖል ካሽማን በ1984 ካዘጋጁት ዐውደ ጥናት ነው፤ በስሙ የተጠራው የመጀመሪያ ጉባኤ በ1986 በኦስቲን፣ ቴክሳስ ተካሄደ። ከኮምፒውተር ሳይንስ ብቻ ለመጣ ተማሪ ይህ ክፍል በመጀመሪያ ልቅ ይመስላል፤ ማረጋገጫ የለውም፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ትዕግሥት ያድርጉ፤ ጥብቅነቱ በሌላ ቦታ ነው ያለው።

ጆናታን ግሩዲን በ1988 እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች ለምን እንደሚወድቁ የጻፈው ጽሑፍ ጥሩ መግቢያ ነው። ከምሳሌዎቹ አንዱ ስብሰባን በራሱ የሚቀጥር የጋራ የቀን መቁጠሪያ ነው። ጥቅሙ ስብሰባ ለሚጠራው ነው፤ ድካሙ ግን የዕለት ፕሮግራሙን ሁልጊዜ እየመዘገበ ማደስ ለሚጠበቅበት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ነው። ሠራተኞቹ ካልመዘገቡ ፕሮግራሙ ምንም ያህል ጥሩ ኮድ ቢኖረው አይሠራም። ማንኛውንም የትብብር ሥርዓት ሲመረምሩ «ሥራው የሚበዛበት ማን ነው፣ የሚጠቀመውስ?» ብለው መጠየቅን ልማድ ያድርጉት።

ክርስቲያን ሂዝና ፖል ለፍ በ1992 ያሳተሙት የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል ጥናትም ሊታለፍ አይገባውም። በክፍሉ የባቡሮቹን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠረውና ለተሳፋሪዎች መረጃ የሚያስተላልፈው ሠራተኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተቆጣጣሪው ከአንድ የባቡር ነጂ ጋር ሲነጋገር ጎረቤቱ የራሱን ሥራ እየሠራ በጆሮው ይከታተላል፤ ማንም ሳይነግረውም ለተሳፋሪዎች የሚለውን ማዘጋጀት ይጀምራል። ይህ ትብብር በየትኛውም የሥራ መመሪያ ላይ ሰፍሮ አይገኝም። ሁለቱን ሠራተኞች ለያይቶ በየክፍላቸው የሚያስቀምጥ አዲስ ሥርዓት ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያፈርሰው ይችላል። ፖል ዱሪሽና ቪክቶሪያ ቤሎቲ በዚያው ዓመት የሌላውን ሥራ በጎን ስለ ማወቅ የጻፉት ይህንኑ ጉዳይ ወደ ጋራ ሰነዶች ያመጣዋል፤ ዛሬ በስክሪን ላይ የሌላውን ሰው ጠቋሚ በቀለም የምናይበት ልማድ የዚህ አስተሳሰብ ዘመድ ነው።

እርስዎ ራስዎ ለምልከታ ሲወጡ አስቀድመው የተቋምዎን የሥነ ምግባር ፈቃድ ያግኙ፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ከጥናቱ መጀመሪያ አንሥተው ያስቡበት። ማስታወሻ ደብተርዎን በሁለት ዓምድ ይክፈሉት። በግራው ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ፦ «4፡12፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ በወረቀት ላይ ቁጥር ጻፈች፣ ወረቀቱን ለጎረቤቷ አቀበለች፣ ስክሪኑን አልነካችም።» በቀኙ የእርስዎን ትርጓሜ ያስቀምጡ፦ «ቅጹ ያልተሟላ መረጃ አይቀበል ይሆን?» ሁለቱን ማደባለቅ ማስረጃንና ግምትን ማደባለቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተደባለቁ መለየት አይቻልም። ማስታወሻውን በዚያው ቀን ምሽት አስፍተው ይጻፉት። ቃለ መጠይቁ ከምልከታው በኋላ ይምጣ፤ «ሥርዓቱን ይወዱታል?» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ትናንት ወረቀቱን ለምን ተጠቀሙ?» የሚለው እጅግ የበለጠ ያስተምራል።

ጥያቄና አማካሪ መምረጥ

«ለእንዲህ ያለ ድርጅት ሥርዓት መንደፍና መሥራት» የሚል ርእስ የምርምር ጥያቄ አይደለም፤ ቢሳካም ባይሳካም ለሌላ ሰው የሚጨምረው እውቀት የለም። ጥያቄዎ ሊሳሳት የሚችል መልስ ያለው ይሁን። ለምሳሌ፦ «ግንኙነት ለሰዓታት ሲቋረጥ የተፈጠሩ ግጭቶችን ሥርዓቱ በራሱ ከሚያዋህድ ይልቅ ለጸሐፊዎቹ ቢያሳያቸው፣ በመጨረሻው ሰነድ ላይ የሚቀሩት ስሕተቶች ይቀንሳሉ?» ይህን ለመመለስ ሁለቱንም እጅ ያስፈልጋል፦ ግንኙነቱን በተወሰነ መንገድ የሚያቋርጥ የሙከራ መሣሪያ መሥራትና ሰዎቹ ግጭቱን ሲያዩ የሚያደርጉትን በቅርብ መመልከት። ፍጥነት ሲለኩ አማካይ ብቻ አይዘግቡ፤ ከመቶ ጥያቄዎች አንዱን የሚያጋጥመውን ረጅሙን መዘግየት ያሳዩ፣ ተጠቃሚውን የሚያስመርረው እርሱ ነውና።

አማካሪ ሲፈልጉ የመምህሩን የቅርብ ጊዜ ሦስት ጽሑፎች አንብበው ይሂዱ፤ በሥሩ ያሉ ተማሪዎችንም በምን ያህል ጊዜ እንደሚያገኙትና በረቂቅ ላይ አስተያየት ለመስጠት ምን ያህል እንደሚቆይ ይጠይቁ። ሁለቱን ክፍል ለሚያገናኝ ጥናት ሁለት አማካሪ መያዝ ብዙ ጊዜ ግድ ነው። ችግሩ የሥርዓት ሰዎች ተጨማሪ ሙከራ፣ የትብብር ሰዎች ተጨማሪ ምልከታ መጠየቃቸውና ተማሪው በመካከል መጎተቱ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ሲጸድቅ በየትኛው ምዕራፍ የማን አስተያየት የመጨረሻ እንደሚሆን በጽሑፍ ይስማሙ።

የመመረቂያ ጽሑፉን የዘዴ ምዕራፍ ሥራውን እየሠሩ ይጻፉት። የሙከራውን ኮድ፣ የሰርቨሮቹን ቅንብርና በዘፈቀደ የሚወጡትን ቁጥሮች መነሻ ሌላ ሰው ከባዶ ተነሥቶ ሊደግመው በሚችል መልክ ያስቀምጡ። የምልከታ ማስታወሻዎቹን ግን ስሞቹን በምስጢር መለያ ተክተው፣ መለያዎቹን የሚፈታውን ዝርዝር በተለየ ቦታ ቆልፈው ይያዙ፤ ዝርዝሩም ለተሳታፊዎቹ ቃል በገቡበት ቀን ይጥፋ።