የኤሌክትሪክ መስመር የሚፈትሹ ድሮኖችን ባትሪ ከዝናብ፣ ከጤዛና ከሙቀት ስንጠብቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተነሥቶ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር መነሻው ሙቀት የማይለየው የጉባ ቆላ፣ መድረሻው ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ደጋ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር በድሮን የሚፈትሽ ቡድን በአንድ የሥራ ጉዞ ውስጥ የቀትር ሐሩር፣ የከሰዓት ዶፍና የንጋት ጤዛ ሊፈራረቁበት ይችላሉ፤ ከያዛቸው ዕቃዎች መካከል ይህን መፈራረቅ ለመቋቋም አቅም የሚያንሰው ደግሞ ባትሪው ነው። ባትሪውን ለመጠበቅ ተብሎ የሚደረገው ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ከዝናቡ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት መጠበቅንና ማሸግን እንደ አንድ ነገር ከመቁጠር ነው።

የአይፒ ቁጥርን እንደ ዋስትና መቁጠር

ለመስመር ፍተሻ በስፋት ከሚያገለግሉት ድሮኖች ውስጥ ማትሪስ 300 አርቲኬ የአይፒ45፣ ተተኪው ማትሪስ 350 አርቲኬ ደግሞ የአይፒ55 ደረጃ አላቸው። አይፒ አንድ ዕቃ ከባዕድ ነገርና ከውኃ ምን ያህል እንደተጠበቀ የሚገልጽ መለኪያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አኃዝ ጠጣር ነገሮችንና አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን ይመለከታል። ሁለተኛው አኃዝ 5 ሲሆን፣ 6.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው አፈሙዝ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውኃ ከየአቅጣጫው ቢረጭበትም ዕቃው ጉዳት አይደርስበትም ማለት ነው። ይህ ቀላል መከላከያ አይደለም። ይሁን እንጂ ፈተናው የሚካሄደው አዲስ በሆነ ዕቃ ላይ፣ በንጹሕ ውኃ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሲሆን፣ ደረጃውም የሚሠራው ባትሪዎቹ በቦታቸው ገብተው ከተቆለፉ፣ ክዳኖቹም ሁሉ ከተዘጉ ነው። ከድሮኑ ወጥቶ በእጅ የተያዘ ባትሪ ያ ጥበቃ የለውም። ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝን የመሰሉ ትናንሽ ድሮኖች ደግሞ ከመነሻውም የአይፒ ደረጃ የላቸውም።

ቁጥሩ በዕድሜ እንደሚቀንስም መዘንጋት የለበትም። የጎማ ማሸጊያ በፀሐይና በአቧራ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በባትሪው ውስጥ ኃይል የሚያከማቸው ሊቲየም ፖሊመር ሴል ሲያረጅ በውስጡ ጋዝ ስለሚፈጠር ያብጣል፤ ሴሉ ሲያብጥ የባትሪው ቅርፊት በመጋጠሚያው ላይ በዓይን የማይለይ ክፍተት ያበጃል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በባትሪው ጎን ላይ አሳርፎ በማስመሪያውና በቅርፊቱ መካከል ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ማየት ይበቃል። መሐሉ ከፍ ብሎ ማስመሪያው ከተወዛወዘ ያ ባትሪ በዝናብም ሆነ በበጋ ለበረራ አይሆንም።

መብረር ስለተቻለ ብቻ በዝናብ መብረር

በበጋው ወራት አቧራ፣ ጭስና የወፍ ኩስ በኢንሱሌተሮች፣ በተለምዶ ስኒ በሚባሉት፣ ላይ ይከማቻል። የመጀመሪያው ካፊያ ወይም ከባድ ጤዛ ይህን ቆሻሻ አርጥቦ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ስለሚያደርገው መስመሩ የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ በዚያን ሰዓት ነው። የፍተሻ ቡድኑ አስቸኳይ ስልክ የሚደወልለትም እንዲሁ እየጠፈጠፈ ሳለ መሆኑ ለዚህ ነው። ይሁንና በዝናብ ወቅት በሙቀት ካሜራ የላላ ወይም የተበላሸ መጋጠሚያ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ውኃው መጋጠሚያውን ስለሚያቀዘቅዘው ጉድለቱ እያለ ምስሉ ደህና ያስመስለዋል። የተበጠሰ ሽቦ ወይም የወደቀ ማማ ያለበትን ቦታ ለመለየት ካልሆነ በስተቀር በረራውን ማቆየት ባትሪውንም ምርመራውንም ይጠቅማል ባይ ነኝ። የክረምቱ መብረቅ ከሰዓት በኋላ ስለሚበዛ የበረራ ሰዓቱ ወደ ረፋድ ይሳባል፤ ረፋዱ ደግሞ በበኩሉ ከዚህ በታች የምንመለስበትን የጤዛ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ባትሪውን በናስትሮ፣ በፌስታል ወይም በሲሊኮን ማሸግ

ይህ በቅን ልቦና የሚፈጸም፣ ነገር ግን ከሁሉም አደገኛው ስህተት ነው። የማትሪስ 350 አንድ ባትሪ 263.2 ዋት-ሰዓት ኃይል ይይዛል፤ ድሮኑ ደግሞ የሚበረው በሁለት ባትሪዎች ነው። ሁለቱ የያዙት ኃይል በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢያልቅ ድሮኑ በአማካይ 790 ዋት ገደማ እየወሰደ ነው ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 5 በመቶው እንኳ በሴሎቹ ውስጥ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 40 ዋት ያህል ሙቀት መውጫ ይፈልጋል። በደጋ ላይ ጫናው ይጨምራል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ድሮኑ አየር ላይ ለመቆም ብቻ 16 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል። ባትሪውን በስፖንጅና በናስትሮ የጠቀለለ ሰው ይህን ሙቀት ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል፤ ቀደም ሲል የተነሣው እብጠትም ይፋጠናል።

ከዚህም ሌላ ናስትሮ ውኃን ሙሉ በሙሉ አያግድም። በጠርዙ በኩል ሾልኮ የገባ ጠብታ መውጫ አጥቶ ከሥሩ ይቀመጣል፤ ሙጫውም በሙቀት ቀልጦ ወደ ባትሪው መቆለፊያ ይፈስሳል። ሲሊኮንን በተመለከተ፣ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠውና ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት እየደረቀ ሲሄድ አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ መዳብንና የመዳብ ሽቦን ይበላል። ከኤሌክትሪክ ማገናኛ አጠገብ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ከባትሪው ይልቅ የባትሪው ሳጥን፣ የመለዋወጫው ቦታና የቻርጅ ማድረጊያው ጣቢያ ቢሸፈኑ የተሻለ ውጤት ይገኛል።

ዝናብን ፈርቶ ጤዛን መርሳት

ዝናብ ድምፅ አለው፤ ሰው ያየዋል፣ ይሸሸዋልም። ባትሪ ውስጥ የሚገባው እርጥበት ግን ብዙ ጊዜ ከአየሩ ራሱ ነው። የውጪው ሙቀት 30 ዲግሪ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 70 በመቶ በሆነበት ቀን፣ የገጽታው ሙቀት ከ24 ዲግሪ በታች የሆነ ማንኛውም ዕቃ ላይ ውኃ ይቋጠራል። ሌሊቱን አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ያደረ ወይም በመኪናው ማቀዝቀዣ 20 ዲግሪ ላይ የቆየ ባትሪ በጋምቤላ ወይም በጉባ ክረምት ሳጥኑ ሲከፈት ወዲያው ጉም ይለብሳል። በቅርፊቱ ላይ የሚታየው ሲጠረግ ይጠፋል፤ በማገናኛው ቀዳዳ ውስጥና በተቆጣጣሪው ሰርኪዩት ላይ የተቋጠረው ግን አይታይም፣ አይጠረግምም።

በደጋው ሁኔታው ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን አካባቢ በውርጭ ሌሊት መኪና ላይ ያደረ ባትሪ፣ ሰው ተሰብስቦ ሻይ ወደሚፈላበት ሞቃት ድንኳን በቀጥታ ሲገባ የእንፋሎቱ ማረፊያ ይሆናል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ባትሪው ከሳጥኑ ሳይወጣ፣ ሳጥኑም ሳይከፈት የአካባቢውን ሙቀት እስኪለምድ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ጉሙ በሳጥኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ይቋጠራል፤ ያ ደግሞ ጉዳት የለውም። ለቀዝቃዛው ባትሪ ሌላም ምክንያት አለ፦ ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ሴል ውስጣዊ ተቃውሞው ስለሚጨምር፣ መቶ በመቶ ሞልቶ የታየው ባትሪ ድሮኑ ሲነሣ ቮልቴጁ በድንገት ይወርዳል።

ሲሊካ ጄል ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ እስከ ማታ ድረስ የሚችለውን ያህል ጠጥቶ ያበቃል። ብርቱካናማው ዓይነት ሲጠግብ አረንጓዴ ይሆናል፤ በ120 ዲግሪ አካባቢ በምድጃ ሲደርቅ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ይመለሳል። የረጠበ ጨርቅ፣ ጓንት ወይም የዝናብ ልብስ ከባትሪ ጋር በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ ደግሞ ሲሊካ ጄሉን ከንቱ ያደርገዋል።

በካፊያ ውስጥ ባትሪ መለወጥ

ድሮኑ ሲያርፍ ገላው ላይ ያለው ውኃ ሁሉ ወደ ታች መውረጃ ይፈልጋል፤ ባትሪው ሲወጣ የሚከፈተው ክፍል ደግሞ ቅርቡ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ድሮኑን በሸራ ወይም በመኪናው የኋላ ክዳን ሥር ማስገባት፣ ከላይ ወደ ታች በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም እጅን አድርቆ ባትሪውን ማውጣት ይገባል። በወርቅ በተለበጡት ማገናኛዎች ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ካለ እርጥበትና ቮልቴጅ ተጋግዘው መዳቡን መብላት ጀምረዋል። ማጽጃው ከ90 በመቶ በላይ ጥራት ያለው አይሶፕሮፒል አልኮልና ለስላሳ ብሩሽ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የወርቁን ልባስ ስለሚያነሣው ዝገቱ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ቤንዚን ደግሞ ፕላስቲኩን ያበላሻል።

ቻርጅ ማድረጊያውንና መኪናውን መዘንጋት

ድሮኑ የአይፒ ደረጃ ቢኖረውም ቻርጅ ማድረጊያው ሳጥን በተከፈተበት ሁኔታ ውኃ አይችልም፤ ከጄኔሬተሩ ጋር ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከላይ ተሸፍኖ፣ ከጎን አየር እያገኘ መቀመጥ አለበት። አብዛኞቹ አምራቾች ቻርጅ እንዲደረግ የሚፈቅዱት ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከዜሮ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ በአኖዱ፣ ማለትም በሴሉ አሉታዊ ክፍል፣ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፤ ይህ ጉዳት አይመለስም።

ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ስለማይፈቀድ የእነዚህ ድሮኖች ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በመኪና ነው። በአፋር መንገድ ላይ ምሳ እስኪበላ ድረስ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ ፒክአፕ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ባትሪዎቹ ከግማሽ ብዙም ሳይዘሉ ተሞልተው፣ በጥላ በኩል፣ ሙቀት በሚከላከል ሳጥን ቢጓዙ ይመረጣል። በረዶ ግን አይጨመርበት፤ የጤዛውን ችግር በእጅ መጥራት ይሆናል።

የረጠበ ባትሪ አድርቆ መልሶ መጠቀም

ስልክ ውኃ ሲገባበት ሩዝ ውስጥ የመቅበር ልማድ ወደ ድሮን ባትሪም ተሻግሯል። ሩዝ ከቅርፊቱ ውስጥ ውኃ አይመጥም፤ ብናኙ ግን ማገናኛው ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ከምድጃ አጠገብ ማድረግም ሴሉን ከማሞቅ በቀር የሚጠቅመው የለም። ቅርፊቱ ላይ ብቻ ውኃ የነካው ባትሪ ተጠርጎና ደርቆ ማገናኛው ከታየ በኋላ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ የወደቀ፣ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ የሚሰማ ወይም ከማገናኛው ጠብታ የወጣበት ባትሪ ግን መብራቱ ቢበራም፣ ሞልቻለሁ ቢልም መብረር የለበትም፤ በሰርኪዩቱ ላይ የተጀመረው ዝገት ከቀናት በኋላም ቢሆን ሴሎቹን በአቋራጭ ሊያገናኝና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። እንዲህ ያለው ባትሪ ቻርጅ ሳይደረግና ሳይበተን፣ ከመኪናና ከድንኳን ርቆ ደረቅ አሸዋ ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ክዳኑ ሳይጠብቅ ይቀመጥ፤ ቁጥሩም ከበረራ መዝገቡ ላይ ይሰረዝ።