የመኸር ተሰዳጅ ወፎችን ለማየት

ብርዱ እስኪገባ አትጠብቁ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አንዳንድ የውሃ ዳር ወፎች ገና በሐምሌና በነሐሴ ጉዞ ይጀምራሉ።

ከሁሉ በፊት ነፋሱን እዩ። ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች የሚጓዙት በሌሊት ነው፤ ስለዚህ ማታ ከሰሜን ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ከተነሳ ከኋላ እየገፋ ስለሚያግዛቸው በብዛት ይነሳሉ፣ እናንተም በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ውሃ አጠገብ ያለ ቁጥቋጦ ጋ ብትደርሱ ምግብ ፍለጋ ሲራወጡ ታገኟቸዋላችሁ። ጭልፊትና ንስር ፈላጊ ግን ተኝቶ ቢያረፍድም ችግር የለውም። እነሱ የሚንሳፈፉት መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲነሳ ነው።

ጣጣው መለየቱ ላይ ነው። በዚህ ወቅት ብዙዎቹ የደመቀ ላባቸውን ጥለው ደብዘዝ ይላሉ፣ የዘንድሮ ጫጩቶችም ተቀላቅለዋል። ቀለሙን ተዉትና ምንቃሩን፣ የእግሩን ርዝመት፣ ጅራቱን እንዴት እንደሚያወዛውዝ ተመልከቱ። የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር 8 በ42 የሚባለው (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው) ይበቃል፤ 12 እጥፍ የሚያጎላው እጅ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ አልመክርም።

ያያችሁትን ከነሰዓቱና ከነብዛቱ ኢበርድ (eBird) በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዝግቡ። ዝርያውን ካላወቃችሁ «የውሃ ዳር ወፍ» ብላችሁ እለፉት፣ ነውር የለውም።