ለጅማ ነጋዴ፦ የሒሳብ መረጃ መጠባበቂያ አያያዝ
ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝተው «ሀ» እና «ለ» ብለው ይጻፉባቸው። ማታ ማታ የሒሳብ ፕሮግራሙን ዘግተው ዳታውን ወደ አንዱ ዲስክ ይገልብጡ፤ ክፍት እያለ የተገለበጠ ፋይል ብዙ ጊዜ አልከፈት ይላል። ሲጨርሱ ዲስኩን ይንቀሉ። ተሰክቶ ካደረ ቫይረሱም መብረቁም ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው ይጨርሱታል። ዓርብ ዓርብ ያቀያይሯቸው፤ አንዱ ሁልጊዜ ከሱቁ ውጭ ይደር። ጎረቤት ሱቅ አይሆንም፣ እሳት ግድግዳ አይመርጥም፤ አጋሮ ያለ ቅርንጫፍ ወይም ዘመድ ቤት ይሻላል። የጅማ እርጥበት ክፉ ነው፤ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ፕላስቲክ ዕቃ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ ፍሬ) ጋር ያኑሩት። ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያስፈልጋል፦ በመገልበጥ መሃል መብራት ከጠፋ ቅጂው ይበላሻል። በወር አንዴ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው የቅርብ ቀን ደረሰኝ ይፈልጉ። ካላገኙት መጠባበቂያ የለዎትም።