የኖክስ አናላይዘር ካሊብሬሽን፦ ስፓኑን ከመንካት በፊት

በአየር ውስጥ ያለውን ኖክስ (ናይትሪክ ኦክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በአንድነት) የሚለካው አናላይዘር የማይታመን ቁጥር ሲያሳይ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ስፓን ማስተካከያው፣ ማለትም ንባቡን ከታወቀ ጋዝ መጠን ጋር ወደሚያስማማው ነው። ቁጥሩ ይስተካከላል፤ የሾለከው መገጣጠሚያ ወይም የደከመው ፓምፕ ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ያረጋግጡ፦ መጠኑ የታወቀ ጋዝ ሰጥተው፣ ምንም ሳይነኩ፣ መሣሪያው ያነበበውን ይመዝግቡ። ይህ ንባብ ከሌለ ያለፉት ሳምንታት መረጃ ምን ያህል እንደሳተ ማወቂያ አይኖርም።

በኬሚሉሚነሰንስ የሚሠራው አናላይዘር የሚለካው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚፈነጥቀውን ብርሃን ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን በቀጥታ አያየውም፤ 315 ዲግሪ ገደማ በጋለ ሞሊብዲነም ቀይሮ ነው የሚለካው። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት ነገር ሁለት ነው፦ የብርሃን መለኪያውና መቀየሪያው።

ጋዙን ማዘጋጀት

በናይትሮጅን ውስጥ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) ናይትሪክ ኦክሳይድ የያዘ፣ የምስክር ወረቀቱ ጊዜ ያላለፈበት ሲሊንደር፣ የማይዝግ ብረት ሬጉሌተር (የግፊት መቀነሻ)፣ ዳይሉሽን ካሊብሬተር (ጋዙን በአየር የሚያቀጥን መሣሪያ)፣ የዜሮ አየር (ከብክለት የጠራ አየር) ምንጭና የቴፍሎን ቱቦ ያስፈልጋል። የጎማ ቱቦ ጋዙን ስለሚያጠፋ አይሆንም። ሬጉሌተሩ ውስጥ የቀረ አየር ናይትሪክ ኦክሳይዱን ወደ ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል፤ ስለዚህ የሲሊንደሩን ቫልቭ ከፍተው ይዝጉ፣ ግፊቱን ያስወጡ፣ ይህን አምስት ጊዜ ያህል ይደጋግሙ። ጋዙ መርዛማ ነው፤ የሚወጣውን ሁሉ በቱቦ ወደ ደጅ ይልቀቁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ድብልቅ በ400 ፒፒቢ (ከቢሊዮን 400 እጅ፣ ማለትም 0.4 ፒፒኤም) ከፈለጉ፦ 5,000 × 0.4 ÷ 50 = 40 ሚሊ ሊትር ከሲሊንደሩ፣ 4,960 ሚሊ ሊትር ዜሮ አየር። አናላይዘሩ የሚስበው ከ1 ሊትር አይበልጥም፤ ትርፉ በክፍት ቱቦ መውጣት አለበት። መውጫው ከተዘጋ መግቢያው ላይ ግፊት ይፈጠርና ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይሆናል።

አዲስ አበባ ላይ

ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 101.3 ነው። ማስ ፍሎው ኮንትሮለር (በካሊብሬተሩ ውስጥ የጋዙን ፍሰት የሚቆጣጠረው) «1 ሊትር» የሚለው በባሕር ጠለል ግፊት የተሰላውን ነው። ያንኑ ፍሰት በሳሙና አረፋ መለኪያ ሲለኩት በ25 ዲግሪ 1.3 ሊትር ያህል ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሲሊንደሩን ፍሰት በአንዱ፣ የአየሩን በሌላው ለክቶ ማስላት ግን ወደ 30 በመቶ ያሳስታል። አንዱ ኮንትሮለር 0 ዲግሪን ሌላው 25 ዲግሪን መነሻ ካደረጉም 9 በመቶ ልዩነት ይመጣል። የአናላይዘሩ ፓምፕም ከፍሰት መቆጣጠሪያዋ ጠባብ ቀዳዳ በስተጀርባ ያለውን ግፊት ከ38 ኪሎ ፓስካል በታች ማውረድ አለበት፤ አለዚያ ፍሰቱ መዋዠቅ ይጀምራል። «ፋብሪካ ካሊብሬት አድርጎት ነው የመጣው» የሚለው ታዲያ እዚህ ብዙም አይጠቅምም።

አሠራሩ

1. መሣሪያው ቢያንስ ሌሊቱን በርቶ ይደር። የመግቢያውን ፊልተር ይቀይሩ። መግቢያውን በክዳን ሲዘጉ ፍሰቱ ወደ ዜሮ ካልወረደ የሚሾልክ ቦታ አለ።
2. ዜሮ አየር ይስጡ፤ ንባቡ እስኪረጋ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠብቁ።
3. 400 ፒፒቢ ይስጡ (መሣሪያው እስከ 500 ፒፒቢ እንዲለካ ከተደረገ፣ የዚህ ሬንጅ 80 በመቶ ነው)። ንባቡን መዝግበው ምክንያቱን ካጣሩ በኋላ ብቻ ዜሮና ስፓኑን ያስተካክሉ።
4. ከዚያ ሳይነኩ 300፣ 200፣ 100 እና 50 ይስጡ። ነጥቦቹ ከቀጥታ መስመሩ ከሬንጁ 2 በመቶ (10 ፒፒቢ) በላይ መራቅ የለባቸውም።

መቀየሪያውን ለመፈተሽ ናይትሪክ ኦክሳይዱ 400 ላይ ሲረጋ ከካሊብሬተሩ ኦዞን ይጨምሩ። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ከ400 ወደ 120 ወርዶ (280 ቀንሶ)፣ ጠቅላላው ኖክስ ከ400 ወደ 392 ከወረደ (8 ጠፍቶ)፣ ብቃቱ 1 − 8/280፣ ማለትም 97.1 በመቶ ነው። ከ96 በታች ከሆነ ሞሊብዲነሙ ይቀየራል፤ በስፓን ማካካስ አይቻልም። ናይትሪክ ኦክሳይዱን ጨርሶ የሚያጠፋ ኦዞን አይስጡ።

በየሁለት ሳምንቱ

የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ (ኢ.ፒ.ኤ) ደንብ በየ14 ቀኑ ከ5 እስከ 80 ፒፒቢ ባለ አንድ ነጥብ መፈተሽን ይጠይቃል፤ ለናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚፈቀደው ልዩነት 15 በመቶ ነው። ጋዙ የደጁ አየር በሚያልፍበት ፊልተርና መስመር ይለፍ። 60 ሰጥተው 54 ካነበበ ልዩነቱ −10 በመቶ ነው፤ ያልፋል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን ገደቡ እስኪታለፍ አይጠብቁ።

ዜሮው ከፍ ካለ የዜሮ አየሩን የሚያጠራውን ከሰል ይመልከቱ፤ ወይን ጠጅ የነበረው የፐርማንጋኔት እንክብል ቡናማ ከሆነም አልቋል። ስፓኑ ቀስ በቀስ ከወረደ የቆሸሸ የምላሽ ክፍል፣ የተደፈነ ቀዳዳ ወይም የደከመ ፓምፕ ነው። ንባቡ ለመርጋት ከዘገየ ቱቦው ረጥቧል ወይም ቆሽሿል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ብቻ እየሰጡ ዳይኦክሳይድ ከታየ ወደ ሬጉሌተሩ ይመለሱ። ሁሉም ነጥቦች በእኩል መቶኛ ከሳቱ ደግሞ አናላይዘሩን ከመክሰስ በፊት የካሊብሬተሩን ፍሰቶች በሌላ መለኪያ ያረጋግጡ።